ከዲሹ ፊት አትቁሚ

ፉጨቱ ሦስት ጊዜ ተሰምቶ አቆመ። ክፍሉም አብሮት ዝም አለ።

ስልኩ የመምህሩ ጠረጴዛ ላይ፣ ከጠመኔው ሣጥን አጠገብ ተቀምጧል። ባለቤቱ ሬዲዮ እጆቿን አጣምራ ከጎኑ ቆማለች። ሬዲዮ እውነተኛ ስሟ አይደለም፤ ከጠዋቱ ደወል እስከ መውጫው ደወል አፏ ስለማይዘጋ የክፍሉ ልጆች ያወጡላት ነው። አሁን ግን አንድም ቃል አልጨመረችም። ስልኳን ነካ አድርጋ ቆመች።

ፉጨቱ እንደገና መጣ። ቀጭንና ሹል ነው፤ ከታች ተነስቶ ወደ ላይ ይወጣና ቁርጥ ይላል። ከዚያ ዝምታ። ከዚያ ደግሞ ፉጨት። ከዝምታው ጀርባ ነፋስ የመሰለ ነገር ይሰማል።

ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጠችው አንቴና ማጅራቷ ላይ ቀዝቃዛ ጣት ያረፈባት መሰላት። ለእሷም ስም የወጣላት እዚሁ ክፍል ነው። ቁመቷ ሸንበቆ ነው፣ አባቷ ደግሞ የሰፈሩ ዲሽ ገጣሚ፤ ሌላ ምን ሊሏት ይችሉ ነበር? እሷና ሬዲዮ አንድ ዴስክ ላይ የተቀመጡ ቀን ክፍሉ በሳቅ ፈርሶ ነበር። ልጆቹ ሙድ ሲይዙባቸው ሁለቱ ተጠጋጉ፤ ሲጠጋጉ ጓደኛ ሆኑ። ከዚያ ወዲህ አንቴና ሌላ ጓደኛ አልፈለገችም፤ ብትፈልግም የምታገኝ አይመስላትም።

የሁሉም ነገር መነሻ ያለፈው ሳምንት የሳይንስ ትምህርት ነው። ልጆቹ ሁሉ «ቲቸር» የሚሏቸው መምህር ጥቁር ሰሌዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጠመኔ ነጠብጣብ ሞሉት። ሲጨርሱ ትከሻቸው ዱቄት የተነፋበት ይመስል ነበር። እያንዳንዱ ነጠብጣብ አንድ ፀሐይ ነው አሉ። ብዙዎቹን ደግሞ የሚዞሯቸው ዓለማት አሉ፤ ሰሌዳውም፣ የትምህርት ቤቱ ግድግዳም፣ በዓለም ያለው ጠመኔ በሙሉም ቢደመር አይበቃቸውም። ከዚያ ዞር ብለው ጠየቁ፤ ከእነዚህ በአንደኛው ላይ፣ ልክ እንደ እኛ ቁጭ ብሎ የሚያስብ ፍጡር ይኖር ይሆን? ገሚሱ ይኖራል አለ፣ ገሚሱ አይኖርም አለ። ቲቸር ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ ነጠብጣቦቹ መሀል በትልቁ «አላወቅንም» ብለው ጻፉና ገልብጡ አሏቸው። ከኋላ ወንበር አንዱ ይሄ ፈተና ላይ ይመጣል ወይ ብሎ ጠየቀ። ይመጣል አሉ ቲቸር፤ መልሱም ይኸው ነው።

የቤት ሥራው ስለዚህ ጥያቄ አንድ ነገር ይዞ መምጣት ነበር። ሌሎቹ ሥዕል ይዘው መጡ። ሬዲዮ ግን ድምፅ ይዛ መጣች።

አሁን ማብራሪያዋን ጀመረች። ቅዳሜ ዕለት አንቴና ቤት ጣሪያ ላይ እንደነበረች፣ ዲሹ ብሎኑ ተፈትቶ ፊቱን ወደ ባዶ ሰማይ አንጋሎ እንደተኛ፣ በአካባቢው ማንም እንዳልነበረ፣ ዲሹ ላይ የተገጠመው ፋይንደር ግን ማንም ሳይነካው በራሱ ጊዜ ማፏጨት እንደጀመረ ተናገረች። አንቴና ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነው። ጓደኛዋ ለእሷ እንኳ ትንፍሽ አላለችም።

ከኋላ እግር ኳስ ነፍሱ የሆነ ልጅ የጎረቤት የሻይ ማንቆርቆሪያ ይሆናል ብሎ ቀለደ። የሳቀለት ጥቂት ሰው ነው፤ የሳቁትም ቶሎ አቆሙ።

ቲቸር መነጽራቸውን አውልቀው ወደ አንቴና ዞሩ። «ቤቱ የአንቺ ነው፤ ሙያው የአባትሽ። ይሄ ፋይንደር የሚባለው ዕቃ፣ ዲሹ ባዶ ሰማይ እያየ መጮኽ ይችላል?»

አንቴና ፋይንደርን አፍ ሳትፈታ ጀምሮ ታውቀዋለች። መዳፍ የምታክል ዕቃ ነች፤ ከዲሹ በሚወርደው ገመድ ላይ ትገባለች። አባቷ ዲሹን በጥቂት በጥቂቱ ሲያዞር ሳተላይቱን እስኪያገኝ ዝም ትላለች፤ ሲቃረብ ታፏጫለች፤ ሲያገኝ ትጮኻለች። ያን ጊዜ አባቷ ብሎኑን ያጠብቃል። ባዶ ሰማይ ላይ ስትጮኽ አንቴና አንድም ቀን ሰምታ አታውቅም።

«አይችልም» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ወጣ። «ሳተላይት ካላገኘ አይጮኽም።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ትርጉሙ ተመልሶ ጆሮዋ ውስጥ ገባ። የፈራችው ያኔ ነው። ክፍሉ ውስጥ ወንበር ተንቋቋ፤ አንዲት ልጅ የጎረቤቷን እጅ ያዘች። ሬዲዮን ያላመኑት ሁሉ የዲሽ ገጣሚውን ልጅ አመኑ።

ቲቸር ሰሌዳው ላይ ትልቅ የጥያቄ ምልክት አደረጉ። አንድ ነገር ከማመናችን በፊት መፈተን አለብን፣ ዓርብ የሌሎቹ ክፍሎች ተማሪዎች ሲመጡ ሬዲዮ ድምፁን ይዛ ትቅረብ፣ እስከዚያ ሁላችሁም ሌላ ምክንያት ፈልጉለት አሉ። የመጨረሻውን ግን ማንም አልሰማቸውም፤ ደወሉ ተደውሏል፤ ልጆቹም ስልኩን ከበውታል።

ወደ ቤት ስትሄድ አንቴና ቀና ላለማለት ሞከረች፤ አልቻለችም። የሰፈሩ ጣሪያዎች ላይ ያሉት ዲሾች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞረዋል። ግማሾቹን የሰቀላቸው አባቷ ነው፤ ከልጅነቷ ጀምሮ አይታቸዋለች፤ ሁሉም አንዱን ሳተላይት ስለሚፈልጉ አንድ አቅጣጫ ማየታቸው የግድ እንደሆነም ታውቃለች። ዛሬ ግን በየጣሪያው የቆመ ሕዝብ መስለው ታዩአት፤ አንድ ነገር ሰምቶ ፊቱን ያዞረ፣ የሰማውን ለማንም የማይናገር ሕዝብ።

አባቷን ብትጠይቀው ይገላግላት ነበር። ግን መጠየቅ አትችልም። አንድ ጊዜ የአባቷ ረዳት ከቆርቆሮ ላይ አዳልጦት እግሩ ከተሰበረ ወዲህ የቤቱ ሕግ አንድ ነው፤ ጣሪያ ላይ እንግዳ አይወጣም። ቅዳሜ አባቷ ብሎን ሊገዛ ሲወጣ ሬዲዮን መሰላሉን ያስወጣቻት አንቴና ናት። ትንሽ ቆይቶ እናቷ ስትጠራት ጓደኛዋን እዚያው ትታት ወረደች። ስለ ፉጨቱ መጠየቅ ማለት ይህን መናገር ማለት ነው።

ማታ ራት ላይ አባቷ የዕለቱን ሥራ ሲያወራ እሷ ሳህኗን ትመለከታለች። እናቷ የራሳችን ቴሌቪዥን ከቅዳሜ ጀምሮ ጥቁር እንደለበሰ ነው፣ የሰውን ቤት ስትሰቅል የራስህን ረሳኸው እያለች አባቷን ትነካካዋለች። አባቷ የሚገጥመው ብሎን እንዳልተገኘ ይምላል። የስድስት ዓመቷ እህቷ ቡጢ ከጠረጴዛው ማዶ ማንኪያዋን ይዛ ሁለቱንም ስታዳምጥ ቆየች። ቡጢ የተባለችው ስትወለድ ሁለቱን እጆቿን ጨብጣ ስለወጣች ነው፤ እስከ ዛሬም አልፈታቻቸውም ይላሉ። ውሻ አትፈራም፣ መርፌ አትፈራም።

«አባዬ» አለች ቡጢ፤ «ዲሹ ነው ሰማዩን የሚሰማው፣ ወይስ ሰማዩ ነው ዲሹን የሚሰማው?»

አባቷ ሳቀ። «ሰማዩ ጆሮ የለውም። ጎረቤታችን ግን አላት፤ ድምፅሽን ቀንሺ።»

እናቷም ሳቀች። ቡጢ አልሳቀችም። አንቴና የእህቷን ፊት አየችና ወሬው ትንንሾቹ ክፍል ድረስ እንደደረሰ ገባት።

ሲተኙ ቡጢ ትራሷን አንጠልጥላ ወደ እሷ አልጋ መጣችና ብርድ ልብሱ ውስጥ ገባች። እግሯ በረዶ ነበር። አንቺ ነሽ እውነት ነው ያልሽው ይላሉ፣ እውነት ነው እንዴ፣ እዚህ ይመጣሉ እንዴ ብላ በሹክሹክታ ጠየቀች። አንቴና ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ድረስ ሳበችላት። ቆርቆሮው ከቀኑ ሙቀት ሲበርድ ከላያቸው ቋ ይላል። ሌላ ቀን ይህን ድምፅ ልብ ብላው አታውቅም።

«ተኚ» አለቻት።

በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። እናቷ የመንገዱ ጥግ ላይ ካለው የልብስ ስፌት ቤቷ አልመጣችም፤ አባቷም ሥራ ላይ ነው። ቡጢን ጠራቻት። መልስ የለም። መኝታ ቤት ገብታ አየች፤ አልጋዋ ላይ ብርድ ልብሱ የለም። ወደ ጓሮ ወጣች። መሰላሉ ግድግዳው ላይ ቆሟል፤ ከሥሩ የቡጢ ጫማ አለ።

ቀና ስትል ብርድ ልብሱ ከጣሪያው ጫፍ በላይ ሲውለበለብ አየች።

እንዴት እንደወጣች አታስታውስም። ጭንቅላቷ ከቆርቆሮው በላይ ብቅ ሲል ነፋሱ ፊቷን መታት። ዲሹ መሀል ላይ፣ አባቷ እንደተወው፣ እንደ ትልቅ ሳህን ተንጋሎ ተኝቷል። ከፊቱ በአጭር ክንድ ተይዛ ወደ ሳህኑ የምታይ፣ አባቷ «ዐይኗ» የሚላት ጣሳ መሳይ ዕቃ አለች። ፋይንደሩም ገመዱ ላይ እንደተንጠለጠለ ነው፤ ከቤት ውስጥ ኃይል የሚሰጠውን ሪሲቨር የነቀለው ሰው የለም። ከዲሹ ማዶ፣ ከጣሪያው ጫፍ ብዙም ሳትርቅ፣ ቡጢ በባዶ እግሯ ቆማ ከእሷ የሚበልጥ ብርድ ልብስ ትጎትታለች።

«ቡጢ። ባለሽበት ቁጭ በይ።»

ልጅቷ ዞር አለች። ፊቷ በእንባ ተዥጎርጉሯል። «ልሸፍነው ነው» አለች። «ከሸፈንነው አያዩንም።»

አንቴና ሌላ ቃል ከማውጣቷ በፊት ቡጢ ብርድ ልብሱን በሁለት እጇ አንስታ ወደ ዲሹ ሰነዘረችው። ክንዷ በዲሹ ዐይን ፊት ሲያልፍ ፋይንደሩ አፏጨ።

ያው ፉጨት ነው። ቀጭን፣ ሹል፣ ከታች ተነስቶ ወደ ላይ የሚወጣ። በስልክ አይደለም፤ እዚሁ፣ አጠገባቸው።

አንድ ሐሳብ ብቻ የአንቴናን ጭንቅላት ሞላው፤ መለሱልን። ቡጢ ብርድ ልብሱን ለቀቀችውና እጆቿን ደረቷ ላይ ጨብጣ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች። ቆርቆሮው ከሥሯ ጎደጎደ። ከኋላዋ ያለው ዝናብ መውረጃው ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ የጓሮው ሲሚንቶ።

«ሰሙኝ» አለች ቡጢ። «ሰሙኝ፣ ሰሙኝ።»

«እኔን እዪኝ። ወደዚያ አትዪ፤ እኔን እዪኝ።» አንቴና በሆዷ ተኝታ ቆርቆሮው ላይ መዳኽ ጀመረች። ምስማሮቹ ክንዷን ቧጨሩት። በአባቷ ድምፅ መናገር ሞከረች፤ ዝግ ያለውን፣ ሰው ሲያዳልጠው የሚጠቀምበትን ድምፅ። «ቁጭ በይ። እንዲህ፤ በቂጥሽ። ጎበዝ። አሁን እግርሽን ወደ እኔ ዘርጊ።»

ቡጢ ቁጭ ለማለት ስትጎነበስ ተንሸራተተች። አንቴና ተወርውራ ቁርጭምጭሚቷን ያዘች። ጎተተቻት። ከዚያ ሁለቱ ዲሹ ሥር ተቃቅፈው፣ አንዷ የሌላዋን ልብስ ጨምድዳ፣ ለረጅም ጊዜ ቆዩ። ፋይንደሩ ዝም ብሏል። ሰማዩ ምንም እንዳልሆነ ሰማያዊ ነው።

ብርድ ልብሱ የዲሹ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነፋስ እየገፋው ነበር። ጎረቤት ግቢ ውስጥ ሳይወድቅ ብላ አንቴና እጇን ዘረጋች። ፋይንደሩ ጮኸ። ደንግጣ እጇን ሰበሰበች። ዝም አለ።

አሁንም ፈርታለች፤ ግን ፍርሃቷ ውስጥ አንድ ትንሽ ነገር ቆም አለ። እጇን እንደገና፣ በጣም በቀስታ፣ ወደ ዲሹ ዐይን ፊት አስጠጋች። ፉጨቱ ከታች ተነሳ። እጇ ሲቀርብ ወጣ፤ ሲርቅ ወረደ፤ ስታወጣው ቁርጥ አለ።

አባቷ ዓመቱን ሙሉ፣ ሥራ ላይ ባገዘችው ቁጥር፣ አንድ ነገር ይላታል። ከዲሹ ፊት አትቁሚ፤ ዞር በይ። ለምን ብላ ጠይቃው አታውቅም። ቀኑን ሙሉ ከኋላ ስለሚያቆማት፣ ፊት የቆመ ሰው ምን እንደሚያመጣ አንድም ቀን አላየችም።

«እጅሽን ስጪኝ» አለቻት ቡጢን።

«አልሰጥም።»

«እኔ ይዤሻለሁ። ትንሽ ብቻ።»

የቡጢን የተጨበጠ እጅ ይዛ ወደ ዲሹ ዐይን ፊት አመጣችው። ፉጨት። መለሰችው። ዝምታ። ቡጢ ጨብጣው እንዳለች እጇን ገልብጣ አየችው፤ የሰው ዕቃ በስህተት የያዘች ይመስል።

«እኔ ነኝ እንዴ?»

«አንቺ ነሽ።»

ከመሰላሉ ሲወርዱ አንቴና ቀድማ እየወረደች የቡጢን እግር በየመወጣጫው አስቀመጠችላት። እህቷን ስፌት ቤት ወስዳ እናቷ ዘንድ አስቀመጠቻትና ሬዲዮን ፍለጋ ሄደች።

ሬዲዮ የምትኖረው ከአክስቷ ጋር ነው፤ አክስቷ ፀጉር ቤት አላት። የፀጉር ማድረቂያ ካስኮቹ ሲጮኹ ስለሚውሉ እዚያ ቤት የሚያወራ ሰው መጮኽ አለበት፤ ምናልባት ሬዲዮ ሬዲዮ የሆነችው በዚህ ይሆናል። አንቴና ስትገባ ጓደኛዋ የኋላው ክፍል ውስጥ እርጥብ ፎጣ ታጥፋለች። አንቴናን ስታይ ፊቷ በራ፤ ስለ ዓርብ ማውራት ጀመረች፤ ሦስት ክፍል ተማሪ፣ ምናልባትም ርዕሰ መምህሩ። ከዚያ የአንቴናን የተቧጨረ ክንድ አየችና ዝም አለች።

«እጅሽ ነው» አለች አንቴና። «ያፏጨው እጅሽ ነው።»

ሬዲዮ ፎጣውን አጠፈችው፤ ፈታችው፤ እንደገና አጠፈችው። «መጀመሪያ አላወቅኩም» አለች በመጨረሻ። ዲሹን ልትነካ እጇን ስትሰድ እንደጮኸባት፣ በድንጋጤ ልትወድቅ እንደነበር፣ ከዚያ ሲገባት ስልኳን አውጥታ ሦስት ጊዜ እንዳሳለፈችው ተናገረች። ለክፍሉ ፉገራ ብቻ ልታደርገው ነበር። መጨረሻ ላይ ልትስቅና ልትናገር ነበር።

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

«ዝም አሉዋ።» ሬዲዮ ቀና አለች፤ ዐይኗ ቀልቷል። «እኔ ሳወራ ዝም ብለው ሰምተውኝ ያውቃሉ? አንድም ቀን? አንቺ ራስሽ ግማሹን አትሰሚኝም። ያን ቀን ግን ሁሉም ዝም አሉ።»

አንቴና ቡጢ ከጣሪያ ልትወድቅ እንደነበር ነገረቻት። ሬዲዮ ፎጣዎቹ ላይ ቁጭ አለች። ከዚያ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ለእሷ በማይመች ድምፅ፣ እንዲህ አለች፦

«እኔ ድምፅ ነው ያሰማሁት። አይችልም ያልሽው አንቺ ነሽ።»

ቃሉ አንቴናን ደረቷ ላይ መታት፤ እውነት ስለሆነ።

«ደግሞ ሊኖሩ ይችላሉ» ሬዲዮ ቀጠለች፤ አሁን እየፈጠነች። «ቲቸር ራሳቸው ብለዋል። ምን አጠፋሁ? ቢበዛ ቀድሜ ነገርኳቸው። በእናትሽ፣ ዓርብ ይለፍ። ዓርብ ብቻ። ከተናገርሽ ከእንግዲህ አብሬሽ አልቀመጥም፤ እውነቴን ነው።»

«አላወቅንም ነው ያሉት ቲቸር።»

«ያው ነው።»

«አይደለም።»

ከፊተኛው ክፍል አክስቷ «አንቺ ወሬኛ፣ ፎጣ» ብላ ተጣራች። ሬዲዮ የታጠፉትን ፎጣዎች ታቅፋ፣ አንቴናን ሳታያት አልፋት ሄደች።

አባቷ ሲመጣ አንቴና ጓሮ ቆማ ጠበቀችው። መሣሪያ ቦርሳውን እስኪያወርድ እንኳ አልታገሠችም። ቅዳሜ እንግዳ ጣሪያ ላይ እንዳስወጣች፣ ክፍል ውስጥ ምን እንደተናገረች፣ ቡጢ የት እንደነበረች ሁሉንም አወጣችው። አባቷ አልጮኸም፤ ቢጮኽ ይሻላት ነበር። መሰላሉን ሄዶ ያዘ፤ የታችኛውን መወጣጫ በእጁ ዳሰሰው፤ ከዚያ አጋድሞ ግድግዳው ሥር አስተኛው። መሰላሉን እንደዚያ ቆሞ የተውኩት እኔ ነኝ አለ፤ ከእሷ ይልቅ ለራሱ የሚናገር ይመስላል።

ሲመለስ ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አለ። «ከፊቷ አትቁሚ የምልሽ ለምን መስሎሽ ነው?»

«ጥላ እንዳላጠላብህ።»

«ሰው ይሞቃል። ሰማይ ቀዝቃዛ ነው። ዐይኗ ሙቀትም ትሰማለች፤ ሰው ፊቷ ሲቆም የምትፈልገውን ትታ እሱን ትሰማለች።» ትከሻውን ነቀነቀ። «ልነግርሽ ይገባ ነበር። ሁሌ እያገዝሽኝ ስለሆነ የምታውቂ መሰለኝ።»

አንቴና ሰማዩን አየችው። መምሸት ጀምሯል፤ የመጀመሪያዋ ኮከብ ከጎረቤት ዲሽ በላይ ወጥታለች። ፉጨቱ እጅ ብቻ እንደነበር አሁን ታውቃለች። ፍርሃቷ ግን እንዳሰበችው አልጠፋም። ኮከቧ ያው የቲቸር ነጠብጣብ ናት፤ ከጀርባዋ ሌሎች ነጠብጣቦች አሉ፤ እዚያ ማን አለ የሚለው ጥያቄም እዚያው እንዳለ ነው። ለካ ውሸቱ ሲነሳም ሰማዩ አይቀንስም።

«ስለዚህ ማንም የለም ማለት ነው?» አለች።

«እሱን ከየት አውቄ» አለ አባቷ። «እኔ ዲሽ ነው የምገጥመው።»

ከዚያ ለሙከራ የሚይዛትን ትንሿን ዲሽ፣ ፋይንደሩንና መብራት በሌለበት ሲሠራ የሚይዘውን ባትሪ ለነገ ሊያውሳት ይችል እንደሆነ ጠየቀችው። ለምን አላላትም። ባትሪው ከባድ ነው፣ በሁለት እጅሽ ያዢው ብቻ አለ።

ማታ ቡጢ ትራሷን ይዛ እንደገና መጣች። ግድግዳው በኩል ገብታ ተኛች። ታዲያ የሉም ማለት ነው ብላ ጠየቀች።

«አላውቅም» አለች አንቴና።

«ቢኖሩስ?»

አንቴና ቆርቆሮው ቋ ሲል ሰማች። በርዶ ነው። «ቢኖሩም ሩቅ ናቸው። ዛሬ ያስፏጨሽው ግን አንቺ ነሽ፤ እሱን አውቃለሁ።»

ቡጢ አሰበችበት። ከዚያ እጇን ከብርድ ልብሱ አውጥታ፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዘርግታ፣ ጨለማው ውስጥ ስታያቸው ቆየች።

ዓርብ ጠዋት አንቴና ፀጉር ቤቱ በር ላይ ቆመች። ቦርሳዋ ከባትሪው የተነሳ ትከሻዋን ይጎትተዋል፤ ዲሹን እንደ ጋሻ ደረቷ ላይ አቅፋዋለች። የክፍሉ ሰው ሁሉ ሲያያት፣ አይችልም ያልኩት ተሳስቼ ነው ስትል፣ ዴስኩ ላይ ብቻዋን ስትቀመጥ ይታያታል። በሩን ስታንኳኳ ጣቷ አመማት።

ሬዲዮ ዩኒፎርሟን ለብሳ ወጣች። ስልኳ እጇ ላይ ነው። ዲሹን አየችው፤ አንቴናን አየቻት፤ ወደ ውስጥ ልትመለስ ያለች መሰለች።

አንቴና መንገድ ላይ ያዘጋጀችውን ንግግር ረሳችው። ዲሹን መስኮቱ ጋ አስቀምጣ ወደ ሰማይ እንደምታዞረው፣ ዝም እንደሚል፣ ከዚያ አንድ ሰው እጁን ፊቱ ሲያደርግ እንደሚያፏጭ በተቆራረጠ ቃል ነገረቻት። ቀጥሎ ወደ ክፍሉ ቢዞር ያን ሁሉ የሚሞቅ ሰው አይቶ ይጮኻል፤ ማታ ቤት ወላጆቿ ላይ ሞክራዋለች። ማንም የሚስቅ አይመስላትም፤ ዝም ብለው ነው የሚሰሙት።

«አንቺ ብትነግሪያቸው ይሻላል» አለች። «ማውራት አንቺ ነሽ የምትችይው። እኔ ዲሹን እይዛለሁ።»

ሬዲዮ ስልኳን ገለበጠችው፤ መልሳ ገለበጠችው። ከውስጥ አንዱ ካስክ ተነስቶ መጮኽ ጀመረ።

«እጅ ያስፈልጋል» አለች አንቴና።

«ካልመጣሁስ?»

አንቴና ዲሹን አስተካክላ አቀፈችው። መንገዱ ማዶ ያሉት ጣሪያዎች ላይ ዲሾቹ ሁሉ አንድ አቅጣጫ ያያሉ፤ ከበላያቸው ማን እንዳለበት የማይታወቀው ሰማይ በርቷል።

«የራሴን እጅ አደርጋለሁ» አለች።

ከዚያ መንገድ ጀመረች። ወደ ኋላ አልዞረችም። ሊደርስባት የሚፈልግ ሰው ቢኖር ሳይሮጥ እንዲደርስ ግን፣ ቀስ ብላ ነበር የምትራመደው።